ክረምትና ውርጭ ሳይደርሱ ቤትን ስለ ማሰናዳት

በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ



በዛሬው ንግግራችን ልናቀርብላችሁ ያሰብነው ስለ ቤትና ስለ ብርድ ነው። ብርድን የማያውቅ ሰው ስለሌለ ርእሱ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በደጋው አገራችን ብርዱን ሸሽተው፣ በርና መስኮታቸውን ግጥም አድርገው ዘግተው ከሚተኙት ሰዎች መካከል ሲነጋ ሳይነሡ የሚቀሩ አሉ። እነዚህን ሰዎች የሚገድላቸው ብርዱ አይደለም፤ ብርዱን ያባርርልናል ብለው ወደ መኝታ ቤታቸው ያስገቡት የከሰል ምድጃ ነው። ቤታቸው አስቀድሞ በሚገባ የተሰናዳ ቢሆን ኖሮ ምድጃው ወደ መኝታ ቤት ባልገባ ነበር። ስለዚህ ቤት ለብርድ ወራት የሚሰናዳው እንዴት እንደ ሆነ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ብንመለከተው ይጠቅማል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከአዳማ ወደ አሰላ ተዛወረ እንበል። መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጓዙን አስጭኖ በዴራና በኢተያ በኩል ሲጓዝ፣ መንገዱ ቀስ በቀስ ሽቅብ እየወጣ መሆኑን ልብ ላይለው ይችላል። ማታ ከመኪናው ሲወርድ ግን ብርዱ ትከሻውን ይዞ ይነግረዋል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር ወደ ላይ በወጣ መጠን እየሳሳና እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከፍታው ብቻ የአራት ዲግሪ ያህል ልዩነት ያመጣል። ከአሰላ አልፎ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ብርዱ ይብስበታል፤ በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና። ከእነዚህ ከተሞች በላይ የጭላሎ፣ የባዳና የካካ ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ቆመዋል።

እዚህ ላይ «በረዶ» ስለምንለው ነገር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በቋንቋችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ በብርድ አገር እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚወርደውም፣ ረግቶ የጠጠረውም ውኃ ሁሉ በረዶ ይባላል። በአሰላ የሚወርደው ጠጠሩ ነው። ጥጥ መሳዩ በረዶ በአገራችን ፈጽሞ ታይቶ አይታወቅም ማለት ግን አይደለም። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ አግኝቶ የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ በሰሜን ተራሮች ላይ በረዶ ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰጥም እንደ ነበረ ይናገራል። ዛሬም በራስ ደጀን አካባቢ አልፎ አልፎ ይጥላል። በአርሲም ቢሆን በባዳ ተራራ ላይ በጥንት ዘመን የበረዶ ግግር ተኝቶ እንደ ነበረ፣ የሥነ ምድር ሊቃውንት ግግሩ ትቶት ከሄደው ምልክት ተረድተዋል።

በብርድ አገር ተምረው የተመለሱ ወገኖቻችን፣ «እዚያ በበረዶ መካከል ስንኖር የደጋውን ቤታችንን ያህል አልበረደንም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ይሰማሉ። ነገሩ እውነት ነው። የዚያ አገር ሰው ብርዱ እንደሚገድለው ስለሚያውቅ ቤቱን የሚሠራው ብርዱን አስቦ ነው። ግድግዳውን ድርብ፣ የመስኮቱንም መስታወት ድርብ ያደርጋል፤ ማሞቂያውም ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ ያስወጣል። እኛ ግን «አገራችን ሞቃት ነው፤ ብርዱም አላፊ ነው» እያልን ቤታችንን ያለ ዝግጅት እንተዋለን። በዚህም ምክንያት በደጋ ከተሞቻችን በቀን ከቤት ውጭ ፀሐይ ላይ የቆመው ሰው ሲሞቀው፣ በቤት ውስጥ የተቀመጠው ይንቀጠቀጣል።

የአርሲ ደጋ ብርድ ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይገባል። አንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚቆየው የክረምቱ ብርድ ነው። በዚህ ወራት ፀሐይ በደመናና በጉም ትሸፈናለች፤ ዝናቡ፣ ካፊያውና በረዶው ይፈራረቃሉ። ይህ ብርድ እርጥብ ብርድ ነው። ሁለተኛው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር የሚመጣው የውርጭ ብርድ ነው። ቀኑ ብሩህ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን እጅግ ይከፋል። መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ይይዝላታል፤ ደመና ከሌለ ግን ራቁቷን እንዳደረች ሰው ትሆናለች። ጎሕ ሲቀድ በሣሩ ላይ ነጭ አመዳይ የሚታየው፣ የገበሬውም ባቄላ በአንድ ሌሊት ተቃጥሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ጎድጓዳው ስፍራ ይወርዳል። ስለዚህ ቤት የሚከራይ ወይም የሚሠራ ሰው ጎድጓዳውን ትቶ ተዳፋቱን ቢመርጥ፣ ከጎርፉም ከውርጩም ይድናል።

ለሁለቱም ብርድ ቤትን ስናሰናዳ የመጀመሪያው ሥራ እሳት ማብዛት ሳይሆን ውኃን መከልከል ነው። እርጥብ ልብስ የለበሰ ሰው ደረቅ ልብስ ከለበሰው ይልቅ እንደሚበርደው ሁሉ፣ እርጥብ ግድግዳ ያለው ቤትም እንዲሁ ነው። ውኃው ለመድረቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንንም ሙቀት የሚወስደው ከቤቱና ከቤቱ ሰዎች ነው። በእርጥብ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ደግሞ ሳልና አስም ያለበትን ሰው ያሠቃያል።

የውኃው ብዛት ምን ያህል እንደ ሆነ በሒሳብ እንመልከት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። እንግዲህ የቤታችሁ ጣራ 60 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ ከጣራው የሚወርደው 1,200 ሊትር፣ ማለት ባለ 200 ሊትር ስድስት በርሜል ሙሉ ነው። ይህ ሁሉ ውኃ የሚሄድበት መንገድ ካልተበጀለት፣ ከቤቱ መሠረት ሥር ይተኛል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ሥራዎች ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት መፈጸም ያስፈልጋል።

1ኛ፤ ጣራ። በጠራ ቀን ከቤት ገብታችሁ በሩንና መስኮቱን ዝጉና ወደ ላይ ተመልከቱ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ውኃ ያስገባል። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም፤ ከራሱ ሥር ያለው ጎማ ያረጀ እንደ ሆነ ሚስማሩ ይለወጣል። ትንንሹን ቀዳዳ ሬንጅ በተነከረ ጨርቅ መድፈን ይቻላል። ነፋስ ያላላው ቆርቆሮ ደግሞ በወራጁ ላይ እንደገና ይመታል።

2ኛ፤ አሸንዳ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አሸንዳን ይደፍናል። በረዶ በጣለ ጊዜ ጠጠሩ ከቅጠሉ ጋር ተቆልሎ ውኃውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ውኃውም ወደ ኮርኒሱ ይገባል። ብዙ ሰው ጣራው ያፈሰሰ መስሎት ቆርቆሮ የሚለውጠው አሸንዳው ተደፍኖ ሳለ ነው። ስለዚህ በግንቦት አንድ ጊዜ፣ በክረምቱም መካከል አንድ ጊዜ መጥረግ ይገባል።

3ኛ፤ ቦይ። በቤቱ ዙሪያ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ወደ ታችኛው ወገን የሚያፈስ ቦይ ይቆፈራል። ነገር ግን ቦዩ ወደ ጎረቤት ግቢ የሚለቀቅ ከሆነ ጠብን ማስከተሉ አይቀርምና፣ ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ አንድ የጋራ መውረጃ ማበጀት ይሻላል።

4ኛ፤ ግድግዳ። ከጣራ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ ሲረጭ የግድግዳውን እግር ይበላዋል። የጭቃ ቤት እግሩ እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይና በሲሚንቶ ቢለበስ ዕድሜው ይረዝማል። የተሰነጠቀ ምርጊት የሚጠገነው በጭድ ተቦክቶ ለጥቂት ቀናት በከረመ ጭቃ ነው። ጭዱ ጭቃውን እንደ ክር አስተሳስሮ ይይዘዋል፤ ከዚህም በላይ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ሙቀት በቶሎ እንዳያመልጥ ያደርጋል። ይህ ሥራ በዝናብ አይሠራም። በአርሲ ደግሞ የበልጉ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ስለሚችል፣ ምርጊት ጥሩ ሆኖ የሚደርቀው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። በሐምሌ ጭቃ የሚያስቦካ ሰው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለውን ይፈጽማል።

ውኃው ከተከለከለ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ያለውን ሙቀት መጠበቅ ነው። ጋቢ የሚያሞቀን በራሱ ሙቀት ኖሮት አይደለም። በአራቱ ድርብ መካከል የያዘው አየር የገላችንን ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚከለክለው ነው። የመንዝ ሰው ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባናም እንዲሁ ነው። ቤትም ጋቢ ያስፈልገዋል፤ የቤት ጋቢ ደግሞ ኮርኒስ ነው። ቆርቆሮ ብቻውን ሙቀት አይዝም፤ ቀን በቶሎ ይግላል፣ ሌሊት በቶሎ ይቀዘቅዛል። በውርጭ ሌሊት የሰው ትንፋሽና የወጥ ቤት እንፋሎት ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ባለቤቱም «በበጋ ጣራዬ አፈሰሰ» ብሎ ይገረማል። ኮርኒሱ ከእንጨትም ይሁን ከጨርቅ፣ በእርሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር ሙቀቱን ይይዛል።

በበር ሥር ያለውን ክፍት ቦታ በጨርቅ ጥቅል መክደን፣ በመስኮቱ መዝጊያ ጠርዝ ላይ የወፍራም ልብስ ቁራጭ መምታት፣ ከመሸም ወፍራም መጋረጃ መጋረድ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በቀን ግን መስኮቱ መከፈት አለበት። አሰላ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስምንት ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ታልፋለች። ስለዚህ የምሥራቁንና የደቡቡን መስኮት ከፍቶ ፀሐይ ማስገባት፣ አልጋ ልብሱንም ፀሐይ ላይ ማስጣት ሌሊቱን ይለውጠዋል። አልጋው ከውጭው ግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ። የሲሚንቶ ወለል እግርን ያቀዘቅዛልና ሰሌን ወይም አጎዛ ይነጠፍበት። የእህል ከረጢት በሳንቃ ላይ ይቀመጥ። የትምህርት ማስረጃና የሥራ ደብዳቤ በቆርቆሮ ሣጥን ሆኖ ከመሬት ከፍ ይበል፤ አንድ ሌሊት የገባ ውኃ ያበላሸውን ወረቀት እንደገና ለማግኘት ብዙ ቢሮ መመላለስን ይጠይቃል።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ወደ ከሰሉ ነገር እንመለስ። «አባቶቻችን በቤት መካከል እሳት እያነደዱ ሲኖሩ ምን ሆኑ?» የሚል ሰው አይጠፋም። የአባቶቻችን ቤት ክዳኑ ሣር ነበር፤ ጭሱም የማይታየውም አየር በሣሩ መካከል ሾልኮ ይወጣ ነበር። ዓይናቸውና ሳንባቸው በጭስ ቢጎዳም፣ ቤታቸው ይተነፍስ ነበር። የዛሬው ቤት ግን ቆርቆሮ፣ ኮርኒስና መስታወት አለው፤ ቀዳዳውንም ሁሉ አሁን እንደ መከርናችሁ እንደፍነዋለን። ቀዳዳው በተደፈነ ቤት ውስጥ ከሰል ማስገባት ማለት እንግዲህ በራስ ላይ ወጥመድ መዝጋት ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ አየር ያወጣል። ይህ አየር ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ዓይንንም አያቃጥልም። ወደ ሳንባ ሲገባ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን በሚሸከመው ክፍል ላይ ይጣበቃል፤ የሚጣበቅበትም ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሰውነት ከዚያ በኋላ በደም ተሞልቶ ሳለ ኦክሲጅን ያጣል። በአሰላ ከፍታ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጉዳቱ ይፈጥናል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ነቅቶ ያለ ሰው ይህ ሲሰማው ሊወጣ ይችላል፤ የተኛ ሰው ግን እንቅልፉ እየከበደ ይሄዳል እንጂ አይነቃም።

ስለዚህ ነገር የሚነገሩ ሦስት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው፣ «ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ ከቀላ በኋላ አይጎዳም» የሚለው ነው። ሲቀላ የሚጠፋው ጭሱ ነው፤ መርዙ አይጠፋም። ሁለተኛው፣ «ምድጃው አጠገብ ውኃ ከተቀመጠ መርዙን ይስበዋል» የሚለው ነው። ውኃ ይህን አየር አይስብም። ሦስተኛው፣ ፍሙ እስከ ጧት እንዲቆይ አመድ ማልበስ ነው። አመድ የለበሰ ረመጥ አየር ሳያገኝ ቀስ ብሎ ስለሚነድ፣ የሚያወጣው መርዝ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

በተለይ ስለ አራስ ቤት መናገር ይገባናል። አራስ እንዳይበርዳት በማለት በርና መስኮት ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ዕጣን አጭሶ ማኖር በብዙ ቤት የተለመደ ነው። አሳቡ የፍቅር ነው፤ ነገር ግን ለእናቲቱና ለሕፃኑ ታላቅ አደጋ ነው። አራስን በባና፣ በሙቅ ውኃ በተሞላ የጎማ ከረጢት፣ በትኩስ አጥሚት ማሞቅ ይቻላል። የእናቶቻችንን ምክር ማክበር መልካም ነው፤ እርስዎም «እማዬ፣ ምድጃውን ደጅ ላውጣልዎት» ብለው በትሕትና ቢናገሩ ምክራቸውን እንደ መናቅ አይቆጠርብዎትም።

ከሰል የግድ አስፈላጊ ከሆነ፣ ሰው ነቅቶ ሳለ፣ በርና መስኮት ክፍት ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ይሁን። ከመኝታ በፊት ግን ምድጃው ፍሙን እንደ ያዘ ወደ ውጭ ይውጣ፤ በረንዳው የተዘጋ ከሆነም ከቤት አይቆጠርምና አይበቃም፣ ደጅ ይሁን። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው ሰው ከዚህ መርዝ ይድናል፤ ሆኖም በአንድ ሶኬት ላይ ምጣድና ማሞቂያ ደርቦ እንዳይሰካ፣ በማሞቂያውም ላይ ልብስ እንዳያሰጣ ይጠንቀቅ። ከሰል ባለበት ቤት ራሱን ያመመው ወይም ያልነቃ ሰው ቢገኝ፣ ሎሚ ማሽተትና ውኃ መርጨት ጊዜ ማባከን ነው። በሩን ከፍታችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡና ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ የሚሻለው ኦክሲጅን ሲሰጠው ነውና።

በኪራይ ቤት የሚኖር ሠራተኛ «ቤቱ የእኔ አይደለም፤ ለምን ልጠግነው?» ይል ይሆናል። ብርዱ ግን የባለቤትነት ደብተር አይጠይቅም። በሚያዝያ ከአከራዩ ጋር ተነጋግሮ፣ የጣራውንና የአሸንዳውን ወጪ ከኪራዩ ላይ ለማሰብ መስማማት ይቻላል። ስምምነቱም በጽሑፍ ቢሆን ሁለቱንም ከክርክር ያድናቸዋል።

እንግዲህ የዓመቱ ሥራ ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን። በጥቅምት የግድግዳ ምርጊት፤ በኅዳር መግቢያ የበርና የመስኮት ስንጥቅ፤ በበጋው ወራት ደረቅ እንጨት ቆርጦ ዝናብ በማይነካው ስፍራ መከመር፤ በሚያዝያና በግንቦት ጣራ፣ አሸንዳና ቦይ። ይህ ምክር ለአሰላና ለበቆጂ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለደብረ ብርሃንም፣ በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖረው የአዲስ አበባ ሰውም ይሆናል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አብዛኛው ሥራ ወራቱን ጠብቆ የሚሠራ ነው። አንዱ ግን ወራት አይጠብቅም። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ጋዜጣውን ስታጥፉ፣ ዛሬ ማታ በቤታችሁ ምድጃው የት እንደሚያድር ጠይቁ። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ጎረቤት እንዳሉም፣ በራቸውን አንኳኩታችሁ የእርሳቸውንም ጠይቁ። ደኅና እደሩ።